ሎሚ ሲነካው የሚፈላ አፈር

አጎቴ ባለፈው ወር ከድሬዳዋ ሲመጡ በአንድ እጃቸው ዘንቢል ብርቱካን፣ በሌላው የታሰረ ማዳበሪያ ከረጢት ይዘው ነበር። ብርቱካኑ ለእናቴ ነው። ከረጢቱ ለእኔ። ፈትቼ ሳየው አፈር ነው። «እስቲ እይልኝ ልጄ፤ ምን እንደጎደለው ንገረኝ። ዛፎቼ እያለቁብኝ ነው» አሉኝ።

ከአፈሩ ጋር ጥቂት የብርቱካን ቅጠል በጋዜጣ ጠቅልለው አምጥተዋል። ቅጠሎቹ ቢጫ ናቸው። ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም። ደም ስሮቻቸው አረንጓዴ ሆነው ቀርተዋል። በቢጫ ጨርቅ ላይ በአረንጓዴ ክር የተጠለፈ ነገር ይመስላሉ። ሁሉም ከቅርንጫፉ ጫፍ የተቆረጡ አዳዲስ ቅጠሎች ናቸው። አሮጌዎቹ ደህና እንደሆኑ አጎቴ ነገሩኝ።

እሳቸው እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ፍግ ያደርጋሉ። ዩሪያ ይገዛሉ። ቅጠሉ ሲገረጣ ውሃ ጨመሩ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ደግሞ ከማድቤት የሚወጣውን አመድ ሁሉ ከዛፎቹ ስር ሲያፈሱ ከርመዋል። «ደጋ አገር አፈሩን በኖራ ያክሙታል ሲሉ ሰማሁ። አመድም ያው ነው ብዬ ነው» አሉ። እውነት ነው፣ አመድና ኖራ አፈር ውስጥ የሚሠሩት ሥራ ይቀራረባል። የደጋው አፈር አሲድ ስለበዛበት ኖራ ያስፈልገዋል። የአጎቴ አፈር ግን ኖራ የራበው ሳይሆን ኖራ የጠገበ ነው። በጠገበ ላይ ሲጨመርበት ነው የከረመው።

ቤታችን አራት ኪሎ ነው፤ ወደ ቀበና በሚወርደው በኩል። እዚህ ሰፈር ለአጥር ጉድጓድ ብትቆፍሩ የምታገኙት ቀይ ሸክላ አፈር ነው። ወደ ቦሌና አቃቂ ስትወርዱ ጥቁሩ መረሬ ይመጣል። ሁለቱም የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ልጆች ናቸው። እኛ አዲስ አበቤዎች አፈር ሲባል የምናውቀው እነዚህን ሁለቱን ነው። ስለዚህ ምክር ስንሰጥም ሳናስበው በእነሱ ልክ ነው። የአጎቴ አፈር ሌላ ዘር ነው። ሙሉ ስሙ «ከኖራ ድንጋይ ደለል የተፈጠረ ጠጠራማ ሸክላ አፈር» ነው። ስሙ ረዘም ይላል። ግን ኖራው፣ ደለሉ፣ ጠጠሩና ሸክላው እያንዳንዳቸው የሚነግሩን ነገር አለ።

ከተራራ እስከ ማሳ

የዛሬ 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የአገራችን ሰፊ ክፍል ባህር ነበር። የባህር ፍጥረታት ዛጎልና የውሃው ካልሲየም ወለሉ ላይ እየተነባበረ ደነደነ። የኖራ ድንጋይ እሱ ነው። አብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ የእንቁላል ቅርፊት የተሠራበት ነገር ማለት ነው።

ወደ ጎጃም የሄደ ሰው አይቶታል። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ስትወርዱ መጀመሪያ ጥቁር ባዛልት ነው። ዝቅ እያላችሁ ስትሄዱ ገደሉ ይነጣል፣ እንደ መጽሐፍ ገጽ ይደራረባል። በሙገር ሸለቆ አለ፤ በመቀሌ ዙሪያ አለ፤ በሐረርጌ አለ። ባሌ ውስጥ የሶፍ ዑመርን ዋሻ ወይብ ወንዝ የሠራው ይህንኑ ድንጋይ ሰርስሮ ነው። ከፒያሳ ያልወጣ ሰውም ቢሆን በየቀኑ ያየዋል። ሲሚንቶ የሚሠራው የኖራ ድንጋይና ሸክላ አንድ ላይ ተፈጭተው ሲቃጠሉ ነው።

ይህ ድንጋይ ሲያዩት ጠንካራ ነው። ዝናብ ግን ያሟሟዋል። የዝናብ ውሃ ከአየሩና ከአፈሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየያዘ ቀለል ያለ አሲድ ይሆናል። ያ አሲድ ድንጋዩን ቀስ በቀስ ይወስደዋል። ድሬዳዋ የኖረ ሰው የሻይ ማፍያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ያውቃል። ያ ቅርፊት ከተራራው የመጣ ነው። ድንጋዩ ሟሙቶ ከጉድጓዱ ውሃ ጋር ይመጣል፤ እሳት ላይ ሲጣድ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል።

የማይሟሟ ነገርም አለ። በባህሩ ዘመን ከኖራው ጋር አብሮ የተነባበረ ጭቃና ብረት። ኖራው ታጥቦ ሲሄድ እሱ ይቀራል። ብዙ ጊዜ ቀላ ያለ ሸክላ ነው፤ ቅላቱን የሚሰጠው ብረቱ ነው። እስቲ እናስላው። ድንጋዩ ከመቶ 5 እጅ ብቻ የማይሟሟ ነገር ቢኖረው፣ ከሱ ብቻ 1 ሜትር ጥልቀት ያለው አፈር ለማግኘት ወደ 10 ሜትር ውፍረት ያለው ድንጋይ መሟሟት አለበት፤ 20 ያልሆነው አፈር ቀዳዳ ስለሚበዛበት የድንጋዩን ግማሽ ያህል ብቻ ስለሚመዝን ነው። ይህን ካሰላሁ ወዲህ ጎርፍ አፈር ሲወስድ ማየት አልችልም።

ቀጥሎ ደለሉ ነው። ውሃ ሲፈጥን ድንጋይ ይሸከማል። ሲዘገይ መጀመሪያ ድንጋዩን፣ ከዚያ አሸዋውን፣ በመጨረሻ ሸክላውን ይጥላል። በዚህ ሕግ ከሄድን ጠጠርና ሸክላ አንድ ቦታ መገናኘት አልነበረባቸውም። የሚያገናኛቸው ደራሽ ውሃ ነው። በድሬዳዋ የደቻቱን ወንዝ ያየ ሰው ይገባዋል። አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። ከላይ ሲዘንብ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ይሞላል። በ1998 ዓ.ም ክረምት በሌሊት የመጣው ጎርፍ የስንቱን ሕይወት እንደቀጠፈ አንረሳውም። እንዲህ ያለ ውሃ ተራራውን ለቆ ሜዳ ሲደርስ በድንገት ጉልበቱን ያጣል። የያዘውን ሁሉ ሳይመርጥ ባንዴ ያራግፈዋል። ድንጋዩም፣ ጠጠሩም፣ ጭቃውም አንድ ላይ ይወድቃል። የአጎቴ ማሳ ያለው እንዲህ ባለ የተራራ ግርጌ ላይ ነው።

ጠጠሩን ብቻ አይቶ መንገዱን ማወቅም ይቻላል። ሩቅ የተጓዘ ጠጠር ጠርዙ ተፍቆ ይሞላላል። ቅርብ ከወደቀ ስለታም ነው። በከረጢቱ ውስጥ ያለው ግማሽ ልቡ ነበር፤ ጠርዙ የላላ፣ ግን ያልከበበ።

ከአንድ እፍኝ ውስጥ ስንቱ አፈር ነው?

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ቀስ ብለን እንየው።

ከከረጢቱ 2 ኪሎ ደረቅ አፈር መዘንኩ። በባልዲ ዘፍዝፌ አሳደርኩት። ደረቅ የሸክላ ጓል ከድንጋይ አይለይም፤ ካልራሰ ያታልላል። ጠዋት እናቴን ወንፊት ለመንኳት። «አሮጌውን ውሰድ፤ የጤፉን እንዳትነካ» አለችኝ። ደጃፍ ላይ ተቀምጬ በውሃ እያጠብኩ ነፋሁት። ቡናማ ጭቃ ወረደ። ወንፊቱ ላይ ግራጫና ነጣ ያለ ጠጠር ቀረ። ትልቁ እንደ ብይ፣ ትንሹ እንደ ምስር። አድርቄ ስመዝነው 700 ግራም ሆነ። ወንፊቱን ያለፈው 1,300 ግራም ነው ማለት ነው።

የአፈር ባለሙያዎች ድንበሩን 2 ሚሊ ሜትር ላይ አድርገውታል። ከዚያ በላይ ጠጠር ነው። ከዚያ በታች ያለው ብቻ አፈር ይባላል። ሸክላ የሚባለው ደግሞ ከ0.002 ሚሊ ሜትር ያነሰው ቅንጣት ነው። በአሜሪካኖቹ አመዳደብ አፈር ጠጠራማ የሚባለው በይዘት ከመቶ 15 እስከ 35 እጁ ጠጠር ሲሆን ነው። በይዘት ማለት ምን ያህል ቦታ ይይዛል ማለት ነው፤ ምን ያህል ይመዝናል ማለት አይደለም። ድንጋይ ከአፈር ስለሚከብድ ሁለቱ ቁጥሮች ይለያያሉ። የአጎቴ አፈር በክብደት 35 በመቶው ጠጠር ነው። በይዘት ሲሰላ ግን ወደ 20 በመቶ ነው።

ለምን ይጠቅመናል? ላቦራቶሪ አፈር ሲሰጠው መጀመሪያ የሚያደርገው በ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት መንፋት ነው። ጠጠሩን ይጥለዋል። ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስ፣ የሸክላ መጠን ሁሉ የነፋው አፈር ውጤት ነው። ገበሬው ግን ስንዴውን የሚዘራው ከነጠጠሩ ባለ ማሳ ላይ ነው። የአንድ ሄክታር የላይኛው 20 ሴንቲ ሜትር አፈር በግምት 2,500 ቶን ይመዝናል። ከይዘቱ 20 በመቶው ጠጠር ከሆነ እውነተኛው አፈር 2,000 ቶን ብቻ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ሀብት አንድ አምስተኛው የለም።

ውሃውም እንደዚያው። ጥሩ ሸክላ አፈር በ1 ሜትር ጥልቀት ተክል ሊጠጣው የሚችል 150 ሚሊ ሜትር ያህል ውሃ ይይዛል። ጠጠሩን ስንቀንስ 120 ይሆናል። ዛፉ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ቢጠጣና ግማሹ ሲያልቅ እንደገና ብናጠጣ፣ የመጀመሪያው 15 ቀን ያቆያል፤ ሁለተኛው 12 ቀን። የኖራ ጠጠር ራሱ ቀዳዳ ካለው ትንሽ ውሃ ስለሚይዝ ልዩነቱ ጠበብ ሊል ይችላል። ሆኖም «ሸክላ ነው፣ ውሃ ይይዛል» ብሎ ጎረቤቱ ሁለት ሳምንት ሲቆይ እሱም ሁለት ሳምንት የሚቆይ ሰው ዛፉን ያስጠማል።

ታዲያ ጠጠሩን ለቅመን እንጣለው? አይሆንም። ትልልቁን፣ ማረሻ የሚሰብረውን ልቀሙ። በትግራይ እንዳለው አሠራር ለእርከን ይሆናል። ትንንሹን ተዉት። ማሳው ላይ የተኛ ጠጠር የዝናብ ጠብታ አፈሩን እንዳይደበድበው ይከላከላል። ጎርፉን ያዘገያል። ፀሐይ እርጥበቱን እንዳትመጠው ይጋርዳል። ድሬዳዋን በሚያህል ሞቃት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አጎቴ ይህን ስነግራቸው ለአፍታ ዝም አሉ። የቀን ሠራተኛ ቀጥረው ሲያስለቅሙ ነበር።

ሎሚው

አንድ ሎሚ ለሁለት ከፈልኩ። አቼቶም ይሆናል። መጀመሪያ ከግቢያችን ቀይ አፈር ላይ ጨመቅሁበት። ምንም የለም። ጠብታው ሰመጠ፣ አለቀ። ቀጥሎ አንድ የታጠበ ጠጠር ላይ። ትንንሽ አረፋ ድንጋዩን ከበበው። መጨረሻ ላይ የአጎቴን ደቃቅ አፈር፣ ጠጠሩ የወጣለትን፣ በሻይ ማንኪያ አድርጌ ጨመቅሁበት። ተንጨረጨረ። ጆሮዬን ሳስጠጋ ድምፁ ይሰማል። ነጭ አረፋ ከማንኪያው ላይ ሞልቶ ፈሰሰ።

አሲድ ካልሲየም ካርቦኔትን ሲያገኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቀቃል። የሚፈላው ለዚያ ነው። ባለሙያዎች በመስክ ላይ በቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ጠጠሩንና አፈሩን ለየብቻ መሞከር የግድ ነው። ጠጠሩ ብቻ ቢፈላ ችግሩ ያን ያህል አያሳስብም። ጠጠር በገጹ ብቻ ነው የሚሠራው፤ ውስጡ ያለው ኖራ ለዘመናት እዚያው ይቀመጣል። ደቃቁ አፈር ሲፈላ ግን ኖራው ዱቄት ሆኖ ከእያንዳንዱ የሸክላ ቅንጣት ጎን ተቀምጧል ማለት ነው። ከስሩ ጋር የሚገናኘው እሱ ነው። ቅጠል የሚያስገረጣውም እሱ ነው።

ፒኤች የአሲድነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር አሲዱ ይቀንሳል። የእንዲህ ያለ አፈር ፒኤች ብዙ ጊዜ ከ7.5 እስከ 8.4 ነው። ኖራው እስካለ ድረስ ከዚያ አይወርድም። ስለ ብረት እናውራ። አፈሩ ብረት አልጎደለውም። ቀላ ማለቱ ራሱ የብረት ነው። ግን ፒኤች በአንድ ቁጥር በጨመረ ቁጥር ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ብረት ወደ አንድ ሺህኛ ይወርዳል። ዛፉ ብረት ላይ ቆሞ ብረት ይርበዋል። ብረት ደግሞ ከአሮጌ ቅጠል ወደ አዲስ ቅጠል በቀላሉ አይዛወርም። ስለዚህ የሚገረጣው አዲሱ ነው። የናይትሮጅን ረሃብ ቢሆን ኖሮ ቀድሞ የሚቢጨው አሮጌው ቅጠል ነበር። አጎቴ በጋዜጣ የጠቀለሉት ቅጠል ገና ከረጢቱ ሳይፈታ መልሱን ይዞ ነበር።

ውሃ መጨመራቸውም አልረዳም። አፈር በውሃ ሲታፈን ስሮች የሚያስወጡት ካርቦን ዳይኦክሳይድ አይወጣም። ከኖራው ጋር ሆኖ ባይካርቦኔት ይፈጥራል። ባይካርቦኔት ደግሞ ዛፉ ብረት እንዳይወስድ ያግዳል። በእንዲህ ያለ አፈር ላይ ከመጠን በላይ የጠጣ ዛፍ ይበልጥ ይቢጫል።

«ታዲያ ኖራውን የሚያጠፋ ነገር የለም?» ብለው ጠየቁኝ። አለ፤ ድኝ። ድኝ አፈር ውስጥ ወደ አሲድ ይለወጣል። 1 ኪሎ ድኝ 3 ኪሎ ከምናምን ኖራ ያጠፋል። አብረን አሰላነው። ከ2,000 ቶን አፈር 10 በመቶው ኖራ ቢሆን 200 ቶን ነው። እሱን ለማጥፋት 64 ቶን ድኝ ያስፈልጋል፤ ለአንድ ሄክታር፣ ለ20 ሴንቲ ሜትር ብቻ። ከዚያ በታች ያለው ኖራ እንዳለ ነው። አጎቴ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ከዚህ አፈር ጋር የሚደረግ ትግል አያዋጣም። የሚያዋጣው ጠባዩን አውቆ አብሮት መኖር ነው። ብረት መስጠት ይቻላል፤ ግን ዓይነቱ መመረጥ አለበት። በተራ መልኩ የተሰጠ ብረት ወዲያው ይታሰራል። ኬሌት የሚባለው ብረቱን አቅፎ የሚይዝ ውህድ ነው። ከኬሌቶቹ ኢዲቲኤ ያለበት ፒኤች ከፍ ሲል ብረቱን ይለቀዋል። ኢዲዲኤችኤ የተጻፈበት ነው ለኖራማ አፈር የሚሆነው። ዋጋው ይወደዳል። ስለዚህ ማሳው ሁሉ ላይ ከመበተን ከየዛፉ ስር መስጠት ይሻላል። ፍግና ብስባሽም ከስሩ አጠገብ ያለውን ብረት ስለሚያላቅቅ አይቋረጥ። አመዱ ግን ይቁም።

ለወደፊቱ ደግሞ ዋናው ነገር ችግኙ ነው። የብርቱካን ችግኝ ግራፍት ይደረጋል፤ ላይኛውና ታችኛው የተለያየ ዛፍ ነው። ኖራ የሚያስቸግረው ታችኛውን ነው። ትሪፎልየት የሚባለው ስር ኖራን ጨርሶ አይችልም። ኮምጣጣው ብርቱካን ይችላል፤ ነገር ግን ትሪስቴዛ ለሚባለው የቫይረስ በሽታ ይጋለጣል። ችግኝ ስትገዙ ላይኛውን ብቻ ሳይሆን «ስሩ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሻጩ ካላወቀ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።

ማዳበሪያውን ቶሎ እንለፈው። ዩሪያ እንዲህ ባለ አፈር ገጽ ላይ ተበትኖ ከቀረ ናይትሮጅኑ አሞኒያ ሆኖ ወደ አየር ይተናል። ከአፈር በታች ቅበሩት ወይም ወዲያው አጠጡበት። ፎስፈረስ በካልሲየም ይታሰራል። ስለዚህ ከመበተን ይልቅ ከስሩ አጠገብ በመስመር ስጡት።

ስለ አፈሩ ክፉውን ብቻ ካወራሁ በድየዋለሁ። ካልሲየም የሸክላ ቅንጣቶችን ያያይዛል። የሸክላ አፈር ሆኖ እንደ ዳቦ ፍርፋሪ የሚፈረካከሰው ለዚያ ነው። ስር ይገባበታል፣ አየር ይገባበታል። የቦሌን መረሬ በክረምት የረገጠ ሰው ልዩነቱን ያውቃል። መረሬ የሚያብጥ ዓይነት ሸክላ ስላለው ሲዘንብ ያብጣል፣ በበጋ እጅ እስኪገባ ይሰነጠቃል። የደጋውን ገበሬ የሚያስለቅሰው የአሉሚኒየም መርዝም እዚህ የለም፤ እሱ የሚመጣው አፈር አሲድ ሲሆን ነው። ወይራ፣ ቴምር፣ አልፋልፋ እንዲህ ባለ አፈር ላይ ደስ ብሏቸው ይኖራሉ።

አንድ ነገር ከከረጢት ማየት አይቻልም። የአፈሩን ንብብር። ጎርፍ በየጊዜው የሚጥለው የተለያየ ስለሆነ ሸክላው ስር ወፍራም የጠጠር ንጣፍ ሊኖር ይችላል። ያኔ ውሃ ከሸክላው ወደ ጠጠሩ ቶሎ አይወርድም። ሸክላው እስኪጠግብ ድረስ እዚያው ተንጠልጥሎ ይቆያል። ሌላው ነጩ ንጣፍ ነው። ከላይ የሟሟ ኖራ ከዝናቡ ጋር ይወርድና ውሃው በሚደርቅበት ጥልቀት ላይ ተመልሶ ይጋገራል። ከከረጢቱ ካወጣኋቸው ጠጠሮች አንዳንዶቹ በአንድ ጎናቸው ብቻ ነጭ ሽፋን ነበራቸው። እሱ ጎን ጠጠሩ መሬት ውስጥ ሳለ ወደ ታች የዞረው ነው። ውሃ ከጠጠሩ ሆድ ላይ ተንጠልጥሎ ይደርቃል፤ ኖራውን እዚያ ትቶ። ስለዚህ አጎቴን ሦስት ቦታ 1 ሜትር ድረስ እንዲያስቆፍሩ ለመንኳቸው። አንዱ ደህናዎቹ ዛፎች ጋ፣ አንዱ መሃል፣ አንዱ ቢጫዎቹ ጋ።

ባለፈው እሑድ ደወሉ። ሎሚና ሜትር ይዘው ጉድጓድ ውስጥ ናቸው። «ደህናዎቹ ጋ እስከ 80 ሴንቲ በደንብ አይፈላም» አሉ። «መሃሉ እንደነገሩ ነው። እነዚህ ቢጫዎቹ ጋ ግን 40 ሴንቲ ላይ ነጭ ነገር አገኘሁ። ዶማው ሲመታው ይጮሃል። ስሮቹ እሱ ላይ ደርሰው ወደ ጎን ታጥፈዋል።»

«እዚያ ብርቱካን አይተከልም» አልኳቸው።

«አውቄያለሁ» አሉ። «አልፋልፋ ልዘራበት ነው።»